ለአሮጌ ዶዘር የሚገጥም መለዋወጫ እንዴት ይገኛል?

አርባና ሃምሳ ዓመት የሠራ ዶዘር አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ብረቱ ስላለቀ አይደለም። አንድ የዘይት ሲል፣ አንድ ኩሽኔታ ወይም ያለቀ ሰንሰለት ያቆመዋል። ዕቃው ደግሞ ከገበያ ስለጠፋ ሳይሆን ምን እንደሚፈለግ በትክክል ሳይታወቅ ስለሚፈለግ አይገኝም። ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ «የዲ8 ሮለር አለ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል፤ ምክንያቱም ዲ8 የሚባል አንድ ማሽን የለም። ካተርፒላር ይህን ስም ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲጠቀምበት ኖሯል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ሰንሰለቱ፣ በ1980ዎቹ ደግሞ የስፕሮኬቱ ቦታ ሳይቀር ተለውጧል።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ለየትኛውም አሮጌ ዶዘር ይሠራል። ነገሩ በተጨባጭ እንዲታይ ግን ካተርፒላር ዲ8ኤችን ዋና ምሳሌ አድርጌ እይዛለሁ፤ ኮማትሱ ዲ85ንም በየመሐሉ አነሳለሁ። ዲ8ኤች በ1958 (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ በ1974 በዲ8ኬ የተተካ ማሽን ነው።

መጀመሪያ ማሽኑን ይለዩ

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የማሽኑ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ሴሪያል ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ በትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ ይገኛል፤ ብዙ ማሽኖች ላይ በዋናው ቤት ላይም ተመትቷል። ሰሌዳው ከጠፋ፣ ወይም በየጊዜው በተደራረበ ቢጫ ቀለም ከተሸፈነ፣ ተስፋ አይቁረጡ። ቦታውን በናፍጣ ያርሱት፣ ጭቃውና ቅባቱ ሲለቅ በሽቦ ብሩሽ በቀስታ ያጽዱት። በግራይንደር ከመንካት ይቆጠቡ፤ ጥልቀት የሌለው ምት አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ብረቱ ሲደርቅ ነጭ ጠመኔ በጠፍጣፋው ይሹበትና በጨርቅ በላዩ ጠረግ ያድርጉት፤ ጠመኔው በምቱ ውስጥ ይቀርና ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከዚያ የእጅ ባትሪ ከጎን አብርተው በስልክ ፎቶ ያንሱ። 3 እና 8፣ 5 እና 6 የሚምታቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ሁለት ሰው ለየብቻው አንብቦ ቢያመሳክር ይሻላል።

በቀድሞዎቹ ካተርፒላሮች ላይ ከቁጥሩ ፊት የሚመጣው መለያ ብዙ ነገር ይናገራል። ዲ8ኤች ሆኖ በ46ኤ የሚጀምር ቁጥር ካለዎት ማሽኑ ፓወር ሺፍት ነው፤ ቶርክ ኮንቨርተር አለው። በ36ኤ የሚጀምር ከሆነ ግን ዳይሬክት ድራይቭ፣ ማለትም በፍሪሲዮን የሚሠራ ነው። በዲ8ኬ ላይ ተመሳሳይ ልዩነት 77ቪ እና 66ቪ በሚሉት መለያዎች ይታወቃል። ወደ ኋላ ስንሄድ ደግሞ ዲ6 በ9ዩ ከጀመረ በግራና በቀኝ ሰንሰለት መካከል ያለው ልክ 74 ኢንች፣ በ8ዩ ከጀመረ 60 ኢንች ነው። ከሩቅ ሲታዩ አንድ የሚመስሉት እነዚህ ማሽኖች ዕቃቸው ሁሉ አንድ አይደለም።

ከመለያው ቀጥሎ የሚመጡት አኃዞችም ዋጋ አላቸው። ፋብሪካው በምርቱ መሐል አንድን ዕቃ ሲቀይር «ከዚህ ቁጥር በፊት ይህኛው፣ ከዚህ ቁጥር በኋላ ያኛው» ብሎ መጽሐፉ ላይ ያሰፍራል። ስለዚህ ለሻጭ «46ኤ ነው» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ ሙሉ ቁጥሩን ይስጡ።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻ ይለዩ

የሰሌዳው ቁጥር የሚነግርዎ ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ብዙ መካኒክ ነክቶታል። ሞተሩ ከሌላ ማሽን የመጣ፣ ሰንሰለቱ ከዲ8ኬ የተወሰደ፣ የሃይድሮሊክ ፓምፑ በሌላ የተተካ ሊሆን ይችላል። የሰሌዳውን ቁጥር ብቻ አምኖ ዕቃ ማዘዝ በአሮጌ ማሽን ላይ ከባድ ጥፋት ያስከትላል፤ በመጽሐፉ መሠረት ትክክለኛ የሆነ ዕቃ መጥቶ ማሽኑ ላይ አይገጥምም።

የዲ8ኤች ሞተር ዲ342 ይባላል። ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ የሲሊንደሩ ስፋት 5.75 ኢንች፣ የፒስተኑ ምት 8 ኢንች የሆነ ግዙፍ ሞተር ነው። ይኸው ሞተር በዲ8ኬ ላይም ገብቷል፤ ለጄኔሬተርም ተሠርቷል። ይህ ለፈላጊው ትልቅ ዕድል ነው። ከተጣለ ጄኔሬተር ላይ ጥሩ ቴስታታ ወይም ኮሎ ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን የዘይት መያዣው፣ የሞተር እግሩ፣ የፊት ሽፋኑና ጋቨርነሩ ይለያያሉ፤ የፈረስ ጉልበቱ ሲያድግም ፒስተንና ቱርቦ ተለዋውጠዋል። ስለዚህ የሞተሩን የራሱን ቁጥር ከብሎኩ ላይ ፈልገው ከማሽኑ ቁጥር ለይተው ይጻፉ። ኮሚንስ ሞተር ያለው ማሽን ከሆነ፣ ለምሳሌ ኤንቲ855 የተገጠመበት፣ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ከሴሪያሉ ሌላ ሲፒኤል የሚል ቁጥር አለ። ያንን ቁጥር የያዘ ሰው ኢንጀክተሩም ፒስተኑም የትኛው እንደሆነ በቀላሉ ያገኛል።

አንድ ደብተር ይግዙ። ለሞተር፣ ለካምቢዮ፣ ለፋይናል ድራይቭ፣ ለሃይድሮሊክ ፓምፕ፣ ለብሌድ፣ ለሪፐር አንድ አንድ ገጽ ይስጡ። በየገጹ የተገኘውን ቁጥር፣ የወሰዱትን ልክና ቀኑን ያስፍሩ። በስልክ ያለ ፎቶ ይጠፋል፤ ስልክ የሌለው መካኒክ ግን ደብተሩን ገልጦ ያነባል።

የዕቃ መጽሐፉን ማንበብ

የዕቃ መጽሐፉ እያንዳንዱን ክፍል በሥዕል በትኖ ያሳያል፤ ከሥዕሉ ጋር የዕቃውን ቁጥርና ለየትኛው የሴሪያል ክልል እንደሚሆን ይሰጣል። መጽሐፉ ከሌለዎት የካተርፒላር ወኪል በሴሪያል ቁጥሩ ከራሱ ሥርዓት ውስጥ ሊያወጣልዎ ይችላል። ለጥንታዊዎቹ ማሽኖች ደግሞ በአሜሪካ ሁለት የአፍቃሪዎች ማኅበራት አሉ። አንዱ የጥንት ካተርፒላር ባለቤቶች ክበብ ነው። ሌላው በኦሃዮ ግዛት ቦውሊንግ ግሪን ከተማ ሙዚየምና የሰነድ ክምችት ያለው የታሪካዊ የግንባታ መሣሪያዎች ማኅበር ነው፤ የካተርፒላር ያልሆኑና ፋብሪካቸው የተዘጋ ማሽኖችን መጽሐፍ ለሚፈልግ ጥሩ ቦታ ነው። እዚያ የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው በእርሱ በኩል ቢያፈላልግ ነገሩ ይቀለዋል።

የካተርፒላር የቀድሞ የዕቃ ቁጥር አንድ አኃዝ፣ አንድ ፊደል፣ ከዚያ አራት አኃዝ ነው። አዲሶቹ ሦስት አኃዝ፣ ሰረዝ፣ አራት አኃዝ ናቸው። የድሮውን ቁጥር ይዘው ሲሄዱ ሻጩ አዲስ ቁጥር ቢሰጥዎ አይደንግጡ፤ ፋብሪካው የተሻሻለውን ዕቃ በአዲስ ቁጥር ተክቶታል ማለት ነው። ሆኖም ተተኪው አንዳንዴ ብቻውን አይገጥምም፤ አብሮ የሚቀየር ጓርኒሲዮን፣ ረዘም ያለ ብሎን ወይም ቱቦ ይኖረዋል። «ይህን ሲተካ አብሮ የሚቀየር አለ?» ብለው ሳይጠይቁ ገንዘብ አይክፈሉ።

ብዙዎችን የሚያሳስት ሌላ ነገር አለ። በብረቱ ላይ ጎልቶ የወጣው፣ ከቅርጹ ጋር አብሮ የፈሰሰው ቁጥር የዕቃው ቁጥር አይደለም። የቀረጻው ቁጥር ነው። ከአንድ ቀረጻ የወጡ ሁለት ቤቶች በተለያየ መንገድ ተበስተውና ተሞርደው ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ይሆናሉ። በዚያ ቁጥር ፍንጭ ይገኝበታል እንጂ አይታዘዝበትም።

ቁጥር ከሌለ መለካት

ቁጥሩ ቢጠፋም በልክ ብቻ ሊገኙ የሚችሉ ብዙ ዕቃዎች አሉ፤ እነዚህን ከወኪል መግዛት ግዴታ አይደለም። ኩሽኔታ ዋናው ነው። ሾጣጣ ኩሽኔታ ላይ የውስጡ ቀለበትና የውጪው ቀለበት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ተመትቶባቸዋል። ሁለቱንም ይጻፉ፣ የአምራቹንም ስም ይጨምሩበት። ቁጥሩ ዓለም አቀፍ ስለሆነ ከየትኛውም የኩሽኔታ ሱቅ ይገኛል። የዘይት ሲል ሦስት ልክ ይበቃዋል፦ የዘንጉ ውፍረት፣ የቤቱ ቀዳዳ ስፋትና የሲሉ ውፍረት። የዘንጉን ልክ ሲሉ ካፋቀው ቦይ ላይ ሳይሆን ካልተፋቀው ቦታ ይውሰዱ። ለኦ-ሪንግ ዋናው የገመዱ ውፍረትና የውስጥ ስፋቱ ነው። ያረጀ ኦ-ሪንግ ስለሚጠፈጠፍ ግን ከእርሱ ይልቅ የሚቀመጥበትን ቦይ ይለኩ። ሞቃት ዘይት የሚነካው ከሆነ ሙቀት የሚችለውን ዓይነት ይጠይቁ።

ካሊፐር ከሌለዎት ይህን ሥራ አይጀምሩት። በሜትር የተለካ ኩሽኔታ ማለት በግምት የተገዛ ኩሽኔታ ነው።

የጥንት ካተርፒላር ብሎኖች በኢንች ናቸው፤ የኮማትሱ በሚሊሜትር። ውፍረታቸው ተቀራርቦ ሁለት ሦስት ዙር ከገባ በኋላ የሚጠብቅ ብሎን ጥርሱ የተለየ ነው፤ በጉልበት የሚገባ አይደለም። የጥርስ መለኪያ ርካሽ ስለሆነ ይግዙት። ለሞተሪኖ ቮልቱን፣ የሚዞርበትን አቅጣጫ፣ የጥርሱን ብዛትና የብሎን ቀዳዳዎቹን አቀማመጥ ይዘው ይሂዱ። ለብሌድ ጠርዝ ደግሞ ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ውፍረቱን፣ የቀዳዳውን ብዛትና ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለውን ርቀት በካርቶን ላይ ሥለው ቢወስዱ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል።

ሰንሰለትና ሮለር

የአሮጌ ዶዘር ትልቁ ወጪ ከሥሩ ነው። ሰንሰለት፣ ሮለር፣ አይድለርና ስፕሮኬት ተያይዘው የሚያልቁ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብሎ መለካት ብዙ ብር ያድናል።

ሰንሰለትን የሚለየው የመጀመሪያው ልክ ከአንድ ፒን መሐል እስከ ቀጣዩ ፒን መሐል ያለው ርቀት ነው። አንዱን ብቻ መለካት ያሳስታል፤ ያረጀ ሰንሰለት ተስቧል። አለካኩ እንዲህ ነው። በስፕሮኬቱ ጥርስና በሰንሰለቱ መካከል አንድ አሮጌ ፒን አስገብተው፣ አጠገቡ ማንም ሳይኖር፣ ማሽኑን በዝግታ ወደ ኋላ ሲያስኬዱት የላይኛው ሰንሰለት ይወጠራል። ብሌዱን መሬት ያስቀምጡ፣ ሞተሩን ያጥፉ። ከዚያ ከአንድ ፒን የቀኝ ጠርዝ ተነሥተው እስከ አምስተኛው ፒን የቀኝ ጠርዝ ይለኩና ለአራት ያካፍሉ። ሰንሰለቱ የሚከፈትበትን ዋናውን ፒን በልኩ ውስጥ አያስገቡ። በአዲስ የዲ8ኤች ወይም የዲ8ኬ ሰንሰለት ላይ አንዱ ርቀት 228.6 ሚሊሜትር፣ አራቱ 914.4 ይሆናል። 920 ቢያገኙ የተለየ ሰንሰለት ሳይሆን ያረጀ ሰንሰለት ነው። የዲ7ጂ 216፣ የዲ6ሲና የዲ6ዲ 203 ገደማ ነው።

አሁን ጥንቃቄ የሚሻው ነጥብ ይመጣል። የኮማትሱ ዲ155ኤ-1 ልክም 228.6 ነው። የዲ85 ልክ 216፣ የዲ65 ልክ 203 ነው። ስለዚህ «ልኩ አንድ ነው፣ ይገጥማል» የሚል ሻጭ ሁልጊዜ ይገጥምዎታል። ርቀቱ አንድ ቢሆንም የፒኑ ውፍረት፣ የቡሹ የውጪ ስፋት፣ የሰንሰለቱ ከፍታና ጫማው የሚታሰርባቸው የአራቱ ብሎኖች አቀማመጥ ይለያያል። ቡሹ ከስፕሮኬቱ ጥርስ ጋር ካልተስማማ አዲሱ ስፕሮኬት በአጭር ጊዜ ይበላል። አምስቱንም ልክ ወስደው ያነጻጽሩ፤ አንዱ ካልገጠመ ይተዉት።

በተጨማሪ ሰንሰለቱ ደረቅ ነው ወይስ በውስጡ ዘይት ያለው ሲል የተገጠመለት? ዘይት ያለው ዓይነት የተስፋፋው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ በዲ8ኤች ላይ ደረቁም ኋላ የተቀየረውም ያጋጥማል። ደረቅ ከሆነና ቡሹ በአንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ፒኑና ቡሹ በፕሬስ ወጥቶ ግማሽ ዙር እንዲገለበጥ ያስቡበት። ያልተበላው ጎን ወደ ሥራ ይመጣል። ቡሹ ቀዳዳ እስኪያወጣ ከቆየ ግን ጊዜው አልፏል፤ ስለዚህ ይህ ውሳኔ ቀድሞ የሚደረግ ነው።

ሮለር ሲያዝዙ ስንቱ ባለ አንድ ከንፈር፣ ስንቱ ባለ ሁለት ከንፈር እንደሆነና በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተደረደሩ ከማውረድዎ በፊት ይጻፉ። ስፕሮኬቱስ አንድ ወጥ ነው ወይስ በብሎን የሚታሰር ሴግመንት? አንድ ወጥ ከሆነ ማዕከሉን አስቀርቶ አዲስ ጥርስ ቀለበት መበየድ የተለመደ ነው፤ ይህን የሚሠራው በያጅ ግን ቀለበቱን መሐል ማስያዝ የሚያውቅ ይሁን።

ለዚህ ክፍል የጣሊያኑ ቤርኮ ትልቅ አምራች ነው። የእርሱ ቁጥሮች ለካተርፒላር ሲአር፣ ለኮማትሱ ኬኤም ብለው ይጀምራሉ፤ ሌሎች አምራቾችና ነጋዴዎችም እነዚህን ቁጥሮች እንደ መግባቢያ ይጠቀሙባቸዋል። የሰንሰለትዎን የቤርኮ ቁጥር ካወቁ ከቱርክም ከቻይናም ዋጋ መጠየቅ ይችላሉ።

ኮማትሱ ላላቸው

የኮማትሱ ባለቤት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። የቻይናው ሻንቱዪ የኮማትሱን ንድፍ በፈቃድ ወስዶ ሲሠራ ቆይቷል፤ ኤስዲ22 ከዲ85ኤ-18፣ ኤስዲ32 ከዲ155ኤ-1፣ ኤስዲ16 ከዲ65ኤ-8 የተወለዱ ናቸው። አሮጌው ዲ85ኤ-18 ዛሬም ዕቃ የሚሠራለት ዘመድ አለው ማለት ነው። ዝምድናው በዕቃ ቁጥሩ ላይ ይታያል። የኮማትሱ ቁጥር የመጀመሪያ ሦስት አኃዞች የማሽኑን ቤተሰብ ይናገራሉ፦ 154 የዲ80ና የዲ85፣ 175 የዲ155። የኤስዲ22 ብዙ ዕቃዎችም በ154፣ የኤስዲ32 በ175 ይጀምራሉ። ቀጣዮቹ ሁለት አኃዞች ክፍሉን ይጠቁማሉ፤ 15 ካምቢዮ፣ 27 ፋይናል ድራይቭ፣ 30 ሮለርና አይድለር፣ 32 ሰንሰለትና ጫማ። በ01010 የሚጀምር ተራ ብሎን፣ በ07000 የሚጀምር ኦ-ሪንግ ስለሆነ እነዚህን በልክ ከየትም መግዛት ይቻላል።

የኤስዲ16 ቁጥር ግን በ16ዋይ ይጀምራልና ከዲ65 ጋር በቁጥር ብቻ አይመሳከርም፤ ዕቃውን ጎን ለጎን ይለኩ። የሞተር ዕቃ ሲሆን ደግሞ የማሽኑን ዝምድና ይርሱትና የሞተሩን ሰሌዳ ይከተሉ።

የት ይፈለግ?

ቅደም ተከተሉ ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና ሁሉንም ባንዴ አይጀምሩ። መጀመሪያ ወኪሉ ጋ ይሂዱ፣ ባይገዙ እንኳ የዛሬውን ቁጥርና ዋጋ ያውቁበታል። ቀጥሎ መርካቶ፦ ሶማሌ ተራ ላይ ኩሽኔታ፣ ሲል፣ ፊልትሮና አንዳንድ የሞተር ዕቃ፤ ምናለሽ ተራ ላይ ብረታ ብረት ተራርፎ የሚወጣ ነገር ይገኛል። ከዚያ ለካተርፒላር ተተኪ ዕቃ የሚሠሩት አሉ፤ በማያሚ ያለው ኮስቴክስና ለሞተር ዕቃ የካሊፎርኒያው አይፒዲ የታወቁ ናቸው። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ የሻርጃ ገበያ ለእኛ ቅርብ ነው፤ እዚያ ባለው የሀገር ልጅ በኩል ዕቃውን በዓይን አሳይቶ መግዛት ይቻላል።

ፋብሪካው ስሙን ከቀየረ የባለቤትነቱን ሐረግ ይከተሉ። የኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ቲዲ-20ና ቲዲ-25 በ1982 (እ.ኤ.አ.) ወደ ድሬሰር ሄዱ፤ ኋላም መሥመሩ ወደ ፖላንድ ስታሎቫ ቮላ ተሻግሮ ድሬስታ የሚል ስም ያዘ። የአሊስ-ቻልመርስ ዶዘሮች ከ1974 ጀምሮ ፊያት-አሊስ ሆኑ። «ፋብሪካው የለም» የሚለውን መልስ ከመቀበልዎ በፊት በአዲሱ ስም ይጠይቁ።

አንድ ዓይነት የሆነ የሞተ ማሽን ሙሉውን መግዛት ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚረክስ መንገድ ነው፤ ቦታ ካለዎት ያስቡበት። ሲገዙ ግን ሴሪያሉ ለእርስዎ ማሽን ቅርብ ይሁን። ዳይሬክት ድራይቭ ሬሳ ለፓወር ሺፍት ባለቤት ካምቢዮ አይሰጥም።

ኦሪጅናል፣ ኮፒ፣ ያገለገለ ወይስ የተቀረጸ?

እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። የብሌድ ጠርዝ፣ ሮለር፣ ጫማ፣ ፊልትሮ፣ የውሃ ፓምፕ ከታወቀ አምራች እስከሆነ ድረስ ተተኪው ይበቃል። ቤት፣ ሽፋን፣ የብሌድ ክንድና የካምቢዮ ጥርስ ስንጥቅ የሌለበት ያገለገለ ሊገዛ ይችላል። በፋይናል ድራይቭና በሮለር ውስጥ ያለው ባለ ሁለት ብረት ቀለበት ዱዎ-ኮን ሲል ግን ሁልጊዜ አዲስ፣ ሁልጊዜም ጥንዱ አንድ ላይ ይሁን፤ አሮጌውን ቀለበት ከአዲስ ጋር ማጣመር ዘይቱን ያስፈስሳል፣ ዘይቱ ሲያልቅ ደግሞ ከሲሉ እጅግ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ጥርስ ይበላል። የብሬክና የስቲሪንግ ዕቃ ላይ በርካሽ መሞከር የኦፕሬተሩን ሕይወት መድፈር ነው።

ቶርኖ ቤት የነሐስ ቡሽ፣ ማያያዣ፣ ቱቦና የሊቨር ፒን በደንብ ይሠራል። ከተራ ብረት የተቀረጸ የሰንሰለት ፒን ወይም የካምቢዮ ጥርስ ግን ዓይን ያታልላል። ኦሪጅናሉ ላዩ በሙቀት የጠነከረ፣ ውስጡ የሚለጠጥ ነው። ባለሙያው «በምን ብረት ትሠራለህ፣ የት ታጠነክረዋለህ?» ሲባል የሚመልሰው ከሌለው ሥራውን አይስጡት።

ሲያዝዙና ሲረከቡ

የዋጋ መጠየቂያዎ አንድ ገጽ ይሁን፦ ሙሉ ሴሪያል፣ የክፍሉ ቁጥር፣ የዕቃው ቁጥር፣ ልኮቹና ፎቶ። ያገለገለ ዕቃ ከሩቅ ሲገዙ ሻጩ ካሊፐር አስቀምጦበትና የዕለቱን ቀን በወረቀት ጽፎ ከጎኑ አድርጎ እንዲያነሳልዎ ይጠይቁ። የማይፈልግ ከሆነ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ። ሰንሰለት በቶን ስለሚመዘን ዋጋውን እስከ ጅቡቲና ከዚያ እስከ ቦታው ካለው ማጓጓዣ ጋር ደምረው ያስሉ፤ ሲልና ጓርኒሲዮን ግን ቀላል ስለሆነ ማሽኑ ቆሞ ከሚጠብቅ በአየር ቢመጣ ያዋጣል።

ዕቃው ሲደርስ ካርቶኑን አይመኑ። አሮጌውን አጽድተው ከአዲሱ ጎን ያስቀምጡ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ጥርስ በጥርስ፣ ልክ በልክ ያመሳክሩ። አሮጌውን እስከዚያ ድረስ ለቆራሌው አይስጡ። አዲሱ ከገጠመና ማሽኑ ሠርቶ ዘይት ካልፈሰሰ በኋላ የገጠመውን ቁጥር፣ የተገዛበትን ቦታና ማሽኑ በዚያ ዕለት ያነበበውን ሰዓት በደብተሩ ገጽ ላይ ይጻፉ።